ለሸሪፋችን፣ ስለ ባረቀው ሽጉጥና ሳይባርቁ ስለቀሩት

ለክቡር ሸሪፍ ሮይስ ሃልዴን
የባጀር ፎርክ ወረዳ ጸጥታ ጽሕፈት ቤት
ሞንታና

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ኅሊናዎ ምንም የማይነቀንቀው እንዲሆን እመኛለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለፈረሶችዎ፣ እንዲሁም በመጪው ምርጫ ላይ ለጣሉት ተስፋ ሰላምታዬ በያሉበት ይድረሳቸው። እኔ አመልካቿ ማርዲስ ኦልኮት ከወንዙ ማዶ ከብት የማረባ፣ ባሌ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን የምኖር፣ ሽጉጥ ከወገቤ የማይለይ ሴት ነኝ። በስም ካላስታወሱኝ፣ ባለፈው መከር በአውደ ርእዩ አዳራሽ እጄን አውጥቼ ያስቸገርኩዎ ሴት እኔው ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በወረዳችን ጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። አስቀድሜ በአካል ለመቅረብ ሞክሬ ነበር። ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገረችኝ። ስወጣ ግን መኪናዎ ከቁርስ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ስላየሁ፣ ስብሰባው ከእንቁላልና ከቋሊማ ጋር መሆኑን ተረድቼ፣ የወረዳውን ጸጥታ ላለማደፍረስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት፣ አንዳንድ አንባቢ ይህችም መሣሪያ ጠል ናት ብሎ እንዳይሳሳት አቋሜን ልናገር። እኔ ሽጉጥ የታጠቅኩት ባሌ በሕይወት ሳለ ነው። ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ እግሩ የተሰበረ ጥጃ ሲያጣጥር፣ የእርስዎ ሰዎች እስኪደርሱ ቆመው ከሚጠብቁት ወገን አይደለሁም። አንድ ክረምትም የቤቴን በር ሊገነጥል የመጣ ሰካራም መንገደኛ ሽጉጡን እንዳየ ስካሩ በርዶለት ሄዷል፤ አልተኮስኩም፣ መተኮስ ስላላስፈለገኝም እስከ ዛሬ አምላኬን አመሰግናለሁ። እንግዲህ አስተያየቴ የባለ ሽጉጥ አስተያየት ነው። ኪስ ውስጥ የምትገባው ትንሿ ሽጉጥ ለመያዝ ትመቻለች፣ ስትተኮስ ግን እጅ ትደበድባለች፤ እጅ በምትደበድብ ሽጉጥ ደግሞ ማንም አይለማመድም። ስለዚህ ደህና ክብደት ያላትን እመርጣለሁ። ማደሪያዋ የሆነው አፎት ጠንካራና ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ለስላሳው የጨርቅ አፎት ካልሲ እንጂ አፎት አይደለም። ቀበቶ ሲገዛ ስስት አያስፈልግም። ሰው ሽጉጥ ለመምዘዝ የሚቸኩልበት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ወደ አፎቱ ለመመለስ የሚያስቸኩል ምክንያት ግን በዓለም ላይ የለም። ይህን ሁሉ በመከሩ ሥልጠና ቀን በአዳራሹ ውስጥ ለመናገር ፈልጌ ነበር፤ እርስዎ ግን ጥብሱ እንዳይቀዘቅዝ ሰጉ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ሥልጠናው ነው። ሩቅ ከተማ የሆነ ነገር ሆኖ ሁላችንም በፈራንበት ሰሞን፣ ዜጎችን ሰብስበው «የበጎ ፈቃድ ዘብ» የሚባል ጓድ ለማቋቋም መነሣትዎ አባታዊ አሳቢነት ነበር። ሥልጠናውም የሚያሰለች አልነበረም። ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ከእራት በፊት አለቀ፤ ሥዕሎች በግድግዳ ላይ አየን፣ ቃለ መሐላ ተገባ፣ የበሬ ጥብስ ተበላ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። እኔ እጄን አውጥቼ «ሸሪፍ፣ እነዚህ ሰዎች ሲተኩሱ የምናያቸው መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ እርስዎ ቀበቶዎን ከፍ አድርገው «እሜቴ፣ እነዚህ እኮ የሞንታና ልጆች ናቸው፤ ሽጉጥ ይዘው ነው የተወለዱት!» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን ለእናቶቻቸው አዘነ።

ሁለተኛው ስለ ጃኬቱ ነው። ለያንዳንዱ ዘብ በነጻ ያደሉት ጃኬት የሚያምር ነበር፤ ከጀርባው በቢጫ ፊደል «ዘብ» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ከታች ጫፉ ላይ ደግሞ ከወገብ የሚያጠብቅ ገመድ፣ ከገመዱም ጫፍ የላስቲክ ፍሬ ተንጠልጥሎበታል። ከጎኔ የተቀመጠው ዴልበርት ክሮች ነበር። ዴልበርትን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ክረምቱን ሙሉ የማሞቂያ ጋዝ በየቤታችን የሚያደርስ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል በወፍራም ድምፁ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ በሰው ሠርግ ላይ ከሙሽራዋ እናት ቀድሞ የሚያለቅስ ግዙፍ ሰው ነው። ጃኬቱን ለብሶ እንደ ልጅ ሲዞርልኝ ገመዱን አየሁና፣

«ዴልበርት፣ ይሄን ነገር ቤት ስትገባ ቁረጠው» አልኩት።

«ምን አደረገሽ ገመዱ?»

«ሽጉጥህን ወደ አፎቱ ስትመልስ ይሄ ፍሬ ከቃታው ፊት ይገባልሃል። አንተ ወደ ታች ስትገፋ እሱ ቃታውን ይስብልሃል።»

«ሸሪፉ አሁን የሰጠኝን ጃኬት አሁኑኑ ልቀደው? አንቺ ደግሞ ሰውን ማስፈራራት ስትወጂ!» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝና ሁለተኛ ጥብስ ሊያመጣ ሄደ።

ሦስተኛው ስለ ጥይቱ ነው። አንድ ቸር ነጋዴ ለጓዱ ጥይት በነጻ ሰጠ፤ ለጋስነቱ ይመስገን። ጥይቱ ግን ጫፉ ድፍን፣ ለዒላማ ልምምድ የተሠራ ነበር። በር ላይ ይዤዎት፣ ይህ ጥይት ወረቀት ለመብሳት ደግ ነው፣ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ግን የመታውን አልፎ ቀጣዩን የሚጎበኝ እንግዳ ነው፤ ጫፉ የተቦረቦረው ዓይነት ሥጋ ሲነካ ስለሚከፈት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል፣ ዘብ የሚይዘው እሱን ነው ብዬ ነበር። እርስዎ ዙሪያዎን ቃኝተው ድምፅዎን ዝቅ አደረጉና «እሱ አረመኔ ጥይት ነው እየተባለ በጋዜጣ ይወጣብኛል፤ ምርጫ እየደረሰ ነው፣ እባክዎን» አሉኝ። ደግ ጥይት እንዳለ ያን ቀን ከእርስዎ ስለተማርኩ አመሰግናለሁ።

አራተኛውን በዚሁ ዓይነት ለመጻፍ ብሞክር ብዕሬ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን ለጊዜው አቆይቼ የሆነውን እንደሆነ ልተርከው። እርስዎ ያን ቀን በቦታው ስላልነበሩ ሊጠቅምዎ ይችላል።

ቅዳሜ ነበር፣ የከብት ጨረታ ቀን። የጨረታው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። እንደሚያውቁት መቀመጫው ከጨረታው ሜዳ ዙሪያ እንደ ደረጃ እየወጣ የሚሄድ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ከርብራቡ ሥር ደግሞ ኦርፋ ሊንድ ቡናና የፖም ፓይ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች። ኦርፋ ከእኔ ጋር አብራኝ ያደገች ሴት ናት። ምላሷ ስለታም ነው፣ ፓይዋ ግን ሁሉን ያስታርቃል። ዴልበርት ጃኬቱን ለብሶ ከላይኛው መደዳ ቆሞ ነበር። እኔ ከመካከል፣ ከበስተግራ ተቀምጬ ጊደሮች እመለከት ነበር።

አንድ ቁጡ ኮርማ ወደ ሜዳው ሲገባ የብረቱን በር በእርግጫ መታው። በሩ ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ሲጋጭ ድምፁ ልክ እንደ ተኩስ ነበር። ሕዝቡ ጎንበስ አለ። ዴልበርት መዘዘ። ወዲያው ኮርማው መሆኑ ታወቀና አዳራሹ በእፎይታ ሳቀ። አንዱ ከታች «ዴልበርት! እጅ ወደ ላይ በለዋ ኮርማውን!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው «መብቱን አንብብለት!» አለ። ዴልበርት ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ቀላ። ሽጉጡን ከሰው ዓይን ለመሰወር ብቻ፣ ቁልቁል ሳያይ፣ ቶሎ ብሎ ወደ አፎቱ ከተተው። የላስቲኩ ፍሬ አብሮት ገባ።

ጥይቱ የዴልበርትን ባት በስቶ፣ ሳንቃውን አልፎ ወደ ታች ሄደ። የተቦረቦረው ዓይነት ቢሆን ኖሮ እግሩ ላይ ይቀር ነበር ብዬ አልምልም፤ ጥይት ለማንም ቃል አይገባም። ድፍኑ ግን ለመቆም እንኳ እንዳልሞከረ አውቃለሁ።

ክቡር ሸሪፍ፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን በመግለጫዎ ጠቅሰውታል። ቀጥሎ የመጣውን አልጠቀሱትም፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ደግሞ እሱ ነው።

ዴልበርት በድንጋጤ ሽጉጡን እንደገና አወጣውና በእጁ ይዞ ፈዞ ቆመ። በአዳራሹ ያሉት ሌሎቹ ዘቦችዎ የሰሙት የእውነት ተኩስ ነው፤ ያዩትም ሽጉጥ የያዘ ግዙፍ ሰው ነው። «ዘብ» የሚለው ቢጫ ጽሑፍ ከጀርባው ስለሆነ ከፊት ለሚያየው ሰው ዴልበርት ማንም ሊሆን ይችል ነበር። ከየመደዳው ሽጉጥ ይመዘዝ ጀመር። ከውትድርና ከተመለሰ ገና ብዙ ያልቆየው ራንዳል ቲግ ከታች ሆኖ ደረቱ ላይ አነጣጠረበት። «ጣለው! ጣለው ብዬሃለሁ!» ይላል። ከሜዳው ማዶ ደግሞ ሌላ ዘብ፣ ራንዳል ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ራንዳል ላይ አነጣጥሯል። በመካከላቸው እናቶች ልጆቻቸው ላይ ተኝተዋል። ሁሉም ጥሩ ሰው ነበር። ሁሉም ሊያድነን ነበር የመዘዘው።

የራሴን እጅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ኮቴ ሥር ገብቶ ሽጉጤን ጨብጧል። እኔ አላዘዝኩትም። ይህን ያህል ዘመን ታጥቄ፣ ስለ ሽጉጥ ይህን ሁሉ አውቃለሁ ብዬ፣ እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ለቀቅኩትና ሁለቱንም መዳፎቼን ወደ ላይ ዘርግቼ በመቀመጫዎቹ ላይ እየተረማመድኩ ወደ ዴልበርት ወጣሁ።

«ራንዳል! ዴልበርት ነው! ዴልበርት ክሮች ነው፣ ጋዝ የሚያመጣላችሁ!»

«ይጣለው በሉት ወይዘሮ ኦልኮት! ይጣለው፣ አለበለዚያ እመታዋለሁ!»

«ዴልበርት፣ እየኝ። ወደዚህ፣ እኔን እየኝ። አስቀምጠው የኔ ወንድም፣ እንደ እንቁላል ቀስ አርገህ መሬት ላይ አስቀምጠው።»

ዓይኑ ላይ ማንም አልነበረም። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ተመለሰ፣ ጎንበስ አለና አስቀመጠው። ራንዳል ሽጉጡን ዝቅ አደረገ። ማዶ ያለውም ዝቅ አደረገ። አንድ ሰው ያን ጊዜ ቢያስነጥስ ኖሮ ዛሬ ለእርስዎ የምጽፈው ስለ ቀብር ይሆን ነበር።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከርብራቡ ሥር የኦርፋ ድምፅ ተሰማ፤ «ማነው ፓዬ ላይ እንጨት የሚያራግፈው?» አለች። መመታቷን አላወቀችም። ሰሃኑን ለማንሣት ስትንጠራራ ነው እግሯ የከዳት።

ከሁላችን ቀድሞ የደረሰላት ራንዳል ነበር። ቀበቶውን ፈትቶ ጭኗን አሰረ፣ በጉልበቱ ቁስሉን ተጭኖ «አይዞሽ እማማ ኦርፋ፣ ዓይንሽን አትጨፍኝ፣ ስድብሽን ቀጥይ» ይላት ነበር። እሷም ቀጠለች። ቅድም ሰው ሊገድል ከነበረበት እስከ አሁኑ ማዳኑ ድረስ ያለው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነበር፤ ሰውዬው ግን ያው አንድ ሰው ነው። የእርስዎ ሰዎች ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ በደወልና በመብራት ታጅበው መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ ዘንድ የተፈቀደላቸው አባቶቻችን ብቻ ናቸው፤ እኔ መምጣትዎን አመሰግናለሁ።

ኦርፋ ተርፋለች። የጭኗ አጥንት በብረት ተጠግኖ፣ ወለሉን በምርኩዝ ታቋርጠዋለች፤ ደረጃ ግን አትወጣም፣ ሱቋንም ሌላ ሰው ይዞታል። የዴልበርት ባት ድኗል። እሱ ግን ጋዝ ማመላለስ አቆመ፣ መዘመርም አቆመ። አንድ ቀን ሽጉጡን በእጅ ፎጣ ጠቅልሎ ቤቴ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ውሰጂልኝ። እጄን አላምነውም።»

«እጅህ ብቻ አይደለም ዴልበርት። ገመዱም አለ፣ ችኮላውም አለ፣ ሳያስተምርህ ያስማለህም አለ።»

«ቁረጠው ብለሽኝ ነበር እኮ» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ነው የእርስዎ መግለጫ የወጣው። «ሽጉጡ በድንገት ባርቋል፤ የማንም ጥፋት የለበትም፤ ጓዱ ሥራውን በተሳካ ሁኔታ ይቀጥላል» ይላል። ባረቀ የሚለውን ቃል ማን እንደፈጠረው አላውቅም፤ የፈጠረው ግን ሹም መሆን አለበት። ዝናብ ይዘንባል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ ሽጉጥ ይባርቃል፤ ማን ምን ያድርግ? ክቡር ሆይ፣ በዚህች አንዲት ቃል ራስዎን፣ ጃኬት ሰፊውን፣ ጥይት ለጋሹንና እኛን ሳቂዎቹን ሁሉ ነጻ አወጡን። ነጻ ያላወጡት ዴልበርትን ብቻ ነው። የማንም ጥፋት ባልሆነ ነገር ሰው እንዴት ይቅርታ ይጠይቃል?

ለካ ይህ ጥያቄ ሰውዬውን ይበላው ኖሯል። በረዶ በጣለ ቁጥር ከኦርፋ ደጃፍ መጥቶ መንገዷን ጠርጎ፣ በሩን ሳያንኳኳ ይሄዳል። እሷም በመስኮት ታየዋለች። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ምርኩዟን ይዛ በሩን ከፈተችው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

«ዴልበርት ክሮች፣ በረዶዬን እንደ ሌባ ነው እንዴ የምትጠርገው?»

አካፋውን ይዞ ቆመ። «ይቅርታ ልልሽ ፈልጌ ነበር።»

«ታዲያ በላ!»

«ሸሪፉ... የማንም ጥፋት የለበትም ብሏል።»

«የተመታሁት እኔ ነኝ፣ ሸሪፉ አይደለም። አንተ ምን ትላለህ?»

ያ ግዙፍ ሰው በረዶው ላይ ተንበረከከና «ጥፋቱ የኔ ነው ኦርፋ። ይቅር በይኝ» አላት። እሷም እንደዚያ ሆኖ ማየቱን ስላልቻለችው «ተነሣ እንግዲህ፣ ጉልበትህ ይረጥባል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ አላነሣህም» አለችው። ይቅር ብዬዋለሁ አላለችኝም። በመካከላቸው ምን እንዳለ እኔም አላውቅም። የማውቀው፣ አሁን ሲመጣ በሩን ያንኳኳል።

ክቡር ሸሪፍ፣ ልመናዬ ትንሽ ነው። ዘብ የሚሆን ሰው አስቀድሞ በሚያየው ሰው ፊት ይተኩስ፤ መዝዞ፣ ሳይተኩስ፣ ዓይኑን አፎቱ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ መመለስን ይማር። ጃኬቶቹን ይሰብስቡ። መቼ አለመምዘዝ እንዳለበት የማያውቅ ሰው፣ ምንም ያህል ደግ ቢሆን፣ ወደ ቤቱ ይሂድ። በመጨረሻም አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ቀን እንኳ፣ «ጥፋቱ የኔም ነው» የሚል መግለጫ ያውጡ። እንደማይገድል ከዴልበርት መጠየቅ ይችላሉ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ጥብሱ፣ እንዲሁም ስማችንን ሳይጠሩ ስላጽናኑን ከልብ እያመሰገንኩ፣ ሥልጣንዎ የሚገባዎትን ያህል፣ ከዚያም አንድ ቀን እንኳ ሳያልፍ እንዲረዝም በመመኘት፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ማርዲስ ኦልኮት

ግልባጭ፦
ለሚመለከታቸው ሁሉ
ይልቁንም አይመለከተንም ላሉት

ማስታወሻ፦ መግለጫውን የሰጡ ዕለት፣ የዘቦቹን ሽጉጥ ለጋዜጠኞች ከፍ አድርገው ሲያሳዩ የተነሡት ፎቶግራፍ በዚሁ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ በጥሩ ጥራት ወጥቷል። ፈገግታዎ ያምራል። ጣትዎ ቃታው ላይ ነው፤ አፈሙዙም ፎቶ አንሺዋ ላይ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራንዳልና እኔ በግጦሼ ላይ ጀማሪዎችን እናስተምራለንና፣ ስብሰባ ከሌለዎት ይምጡ፤ ከፊተኛው ረድፍ ቦታ እንይዝልዎታለን። ሽጉጥዎን ግን እባክዎ ባዶውን ያምጡት።